የኋላ ጎማው አልዞር ያለ ኮሮላ፦ በዝገት የተያዘ ፍሬን እንዴት እንደተፈታ

ይህ ጉዳይ የተመዘገበው በአንድ መኪና ላይ የተጣበቀ ፍሬን ዓይነቶች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ላይ ስለተገኙና፣ በግማሽ ቀን ያልቃል ተብሎ የተገመተው ሥራ ሦስት ቀን ስለወሰደ ነው። ጊዜው የረዘመው ዝገቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም። መዶሻው የተነሣው የትኛው ዕቃ የትኛውን እንደያዘ ሳይታወቅ በመሆኑ ነው።

መነሻው

መኪናዋ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራች፣ በፊት ጎማ የምትነዳ ቶዮታ ኮሮላ ነች። የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው፤ የኋላው ደግሞ ታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞር ድስት መሳይ ብረት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጡረታ የወጡ ሰው ንብረት ነች። እሳቸው ለሕክምና ውጭ አገር ልጃቸው ዘንድ ሄደው 14 ወር ሲቆዩ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ቆማለች። ሁለት ክረምት ማለት ነው። የፕላስቲክ ልብስ ተደርጎላት ነበር፤ የታሰበው ለደግ ቢሆንም ፕላስቲኩ ከመሬት የሚነሣውን እርጥበት አፍኖ ያዘው። ከሁሉ የከፋው ግን የእጅ ፍሬኗ እስከ መጨረሻው ተስቦ መቆየቱ ነው።

ባለቤቱ ሲመለሱ ቦሎ ማሳደስ ነበረባቸው። ባትሪ ተቀየረ፣ ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የጎረቤት ፒክአፕ በገመድ ሲጎትታት የግራ ኋላ ጎማ ሳይዞር አፈሩን እያረሰ ሄደ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ወጣት ጎማውን ፈትቶ የታምቡሩን ጠርዝ ከኋላ በኩል በመዶሻ ደበደበው። ታምቡር የሚሠራው ከቀለጠ ብረት ቅርጽ ወጥቶለት ነው፤ አይለመጥም፣ ይሰበራል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስባሪ ከጠርዙ ወጣ። መካኒኩ የተጠራው ያኔ ነው። እሱም መጀመሪያ ለባለቤቱ ያለው «ጋሼ፣ መዶሻውን ለጊዜው ያርፍ ይበሉት» ነበር።

የያዘው የቱ ነው?

«ፍሬን ተጣበቀ» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። በኋላ ጎማ ላይ ግን ቢያንስ አምስት የተለያየ ቦታ ሊይዝ ይችላል። የእጅ ፍሬን ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ላይመለስ ይችላል። ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ዕቃ፣ ከታምቡሩ የውስጥ ገጽ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ታምቡሩ መሃሉ ላይ ከሞዞው፣ ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል ብረት፣ ጋር በዝገት ሊያያዝ ይችላል። ታምቡሩ በመበላቱ ጠርዙ ላይ የተፈጠረው ከንፈር ሸራውን ሊይዘው ይችላል። የፍሬን ዘይቱም ግፊቱን ሳይለቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ መፍትሔ አለው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው ምንም አይሠራም፣ አንዳንዴም ያባብሳል።

የፊት ጎማዎች ታኮ ተደረገላቸው፣ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በብረት መደገፊያ ላይ ተቀመጠች። አፈር ላይ ስለሆነ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ወፍራም ጣውላ ገባ። ክሪክ ብቻውን እንደያዘ የኋላ ፍሬን መታገል ክልክል ነው፤ ይህ ሥራ በባሕርዩ መኪናን የሚያናውጥ ነው።

መጀመሪያ ከእጅ ፍሬኑ ማንሻ ሥር ያለው የሽቦ ማስተካከያ ዳዶ ሙሉ በሙሉ ላላ። የቀኝ ኋላ ጎማ ወዲያው በእጅ መዞር ጀመረ፤ እዚያ የያዘው ሽቦው ብቻ ነበር። የግራው አልተነቃነቀም። የግራው ሽቦ ከሥር በእጅ ሲሳብ በሽፋኑ ውስጥ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ እዚያ ቢያንስ ሁለት ችግር ተደራርቧል።

የፊት ቀኝ ጎማም ሲዞር ይከብዳል። የካሊፐሩ፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ዕቃ፣ አየር ማስወጫ ቪቴ (ትንሽ ብሎን) ተከፈተ። ወደ ካሊፐሩ የፍሬን ዘይት የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይት አላሳልፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ በግፊት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ይለቅ ነበር። የወጣው ግን ሁለት ሦስት ጠብታ ቡናማ ዘይት ነው፣ ጎማውም እንደከበደ ቀረ። ስለዚህ ችግሩ የፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን እንጂ የግፊት አይደለም። ይህ ፍተሻ የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይዘለላል።

የግራ ኋላ ታምቡር

ታምቡሩ መሃል ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የሞዞው አንገት በዚያ በኩል ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያችን ክፍተት እንደ ሽብልቅ ይሞላታል። የዚህ ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ በአንገቱ ዙሪያ ወደ ውጭ የገፋ ቀይ ቀለበት።

ቀለበቱ በሽቦ ብሩሽ ተጠረገና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በአንገቱ ዙሪያና በአራቱ የጎማ ቡሎኖች ሥር ተደረገ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቀን ጠፋ። ዘይቱ ተደርጎ ከሩብ ሰዓት በኋላ መምታት ተጀመረና ምንም አልሆነም። ዘይቱ በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚገባው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ማታ ተቀብቶ ጠዋት ቢደገም ነበር የሚሻለው። አንድ ነገር ግን ተጠንቅቆ ተሠርቷል፦ ከታምቡሩ ጀርባ ባለው የኋለኛው ሳህን ክፍተቶች በኩል ወደ ውስጥ አልተረጨም። ሸራው ዘይት ከነካው አይጸዳም፣ ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋው ሲሊንደር ጎሚኒም (የላስቲክ ማሸጊያው) በማዕድን ዘይትና በናፍታ ያብጣል።

የቶዮታ ታምቡር ፊት ለፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ሰው ለምን እንደተሠሩ ሳያውቅ በዝገትና በቀለም ሞልተው ይቀራሉ። መጠናቸው ኤም8 (8 ሚሊሜትር ቡሎን የሚገባበት)፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው። 40 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው፣ በ12 ቁጥር ቁልፍ የሚጠብቁ ሁለት ቡሎኖች ሲገቡባቸው ጫፋቸው ሞዞውን እየገፋ ታምቡሩን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ሁለቱ እኩል መጥበቅ አለባቸው፣ በየተራ ግማሽ ዙር። አንዱ ብቻ ከቀደመ ታምቡሩ ይጋደላል፣ ይበልጥም ይቆለፋል።

እዚህም አንድ ስህተት ተሠራ። ቀዳዳዎቹ በጥርስ ማውጫ ሳይጠረጉ ቡሎን ገባ። አንደኛው ቡሎን ሦስት ጥርስ ያህል ብቻ ይዞ ስለነበር ሲጠብቅ ጥርሱን ገፎት ወጣ። ቀዳዳው ከዚያ በኋላ ምንም አልያዘም። ሌላው ተጠርጎ፣ ቡሎኑ ቅባት ተቀብቶ እስከ ጥጉ ገባና እንደተወጠረ ተተወ።

ከዚያ እሳት መጣ። ዓላማው ብረቱን ማቅላት አይደለም። ቀዳዳው 55 ሚሊሜትር የሆነ ታምቡር ከሞዞው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበልጥ ቀዳዳው የሚሰፋው ወደ 0.06 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የዝገቱን ሽብልቅ ለመሰንጠቅ ግን ይበቃል። ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው፦ ታምቡሩ እንዲሞቅ፣ ሞዞው እንዲቀዘቅዝ። የጋዝ እሳቱ በቡሎኖቹ መካከል ባለው የታምቡር ፊት ላይ ሳይቆም ሦስት ደቂቃ ያህል ዞረ። ማቆሚያው ምልክት የውሃ ጠብታ ነው፤ ታምቡሩ ላይ ስትወድቅ ጩስ ብላ ወዲያው ስትተን እሳቱ ተነሣ። ከዚያ በላይ መሞቅ የኩሽኔታውን ግራሶና ፓራኦሊዮውን (ግራሶው እንዳይወጣ የሚያሽገውን ላስቲክ) ያበላሻል።

እሳት ከመለኮሱ በፊት የተረጨው ዘይት በጨርቅ ተጠርጓል፣ የእሳት ማጥፊያም አጠገብ ነበር። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ግን በዚያ አካባቢ ፈጽሞ አልተነሣም። ክሎሪን ያለበት ዓይነት እሳትን ወይም የጋለ ብረትን ሲነካ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ጋራዥ ውስጥ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ማረሚያ የሌለው ይህ ነው።

ታምቡሩ እንደሞቀ፣ የተወጠረው ቡሎን ባለበት፣ በቡሎኖቹ መካከል ፊቱ ላይ በ1 ኪሎ መዶሻ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ተመታ። በአራተኛው ምት «ጧ» አለና ቀይ ዱቄት በአንገቱ ዙሪያ ረገፈ። ታምቡሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ወጣ። እዚያ ቆመ።

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ትልቁን መዶሻ የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ይህ እንቅስቃሴ ራሱ መረጃ ነው። ምንም ካልተነቃነቀ የያዘው መሃሉ ነው። እኩል ጥቂት ወጥቶ እንደ ሞላ የሚመለስ ከሆነ ግን መሃሉ ለቋል፤ የያዘው ሸራው ነው፣ በማጣበቅ ወይም በከንፈሩ። ከዚያ በኋላ ፊቱን መምታት ፋይዳ የለውም።

መደበኛው መንገድ ከኋለኛው ሳህን ላይ የጎማ ክዳኗን አውጥቶ በቀዳዳው በኩል ሁለት ካቻቢቴ ማስገባት ነው፤ ቀጭኑ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያቀርበው ማስተካከያ ያለውን ምላስ ያነሣል፣ ሌላው ጥርሳሙን መንኮራኩር ወደ ኋላ ያዞራል። ሸራው ይሰበሰባል፣ ታምቡሩ ይወጣል። እዚህ ግን መንኮራኩሩ ራሱ ዝጎ አንድ ጥርስም አልዞረም።

መፍትሔው ሌላ ነበር። እያንዳንዱን ሸራ ከሳህኑ ጋር የሚይዘው ሚስማር የመሰለ አንድ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ራሱም ከሳህኑ ጀርባ ይታያል። ሁለቱ ራሶች በግራይንደር ተቆረጡ። ከዚያ ሸራው ከሳህኑ ጋር ስለማይተሳሰር ታምቡሩ ሲሳብ ሸራዎቹን ይዞ ወጣ፤ ሞላዎቹ ተወጥረው ስለሚወጡ መነጽር ግዴታ ነው። የተሠዉት ሁለት ዘንጎችና ለማንኛውም የሚጣል ሸራ ብቻ ናቸው። ታምቡሩን ከመስበር ወይም ኩሽኔታውን በምት ከመጉዳት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ውስጡ ሲታይ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። በታምቡሩ ገጽ ላይ ሸራዎቹ ያረፉበት ቦታ እንደ ሁለት ጨረቃ ጠቁሮ ታትሟል። ከአንደኛው ሸራ የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ ከብረቱ ተልጦ ታምቡሩ ላይ ቀርቷል። ብናኙ በኮምፕረሰር አልተነፋም፤ በውሃ ረጥቦ በጨርቅ ተጠረገ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባ የገባ አስቤስቶስ አይወጣም።

የተሰበረው ቪቴና የተጠማዘዘው ቱቦ

የኋላ ሲሊንደሩ አየር ማስወጫ ቪቴ በ8 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ፣ መሃሉ ባዶ የሆነ ቀጭን ዕቃ ነው። አፉ ክፍት በሆነ ቁልፍ ተሞከረ፣ ማዕዘኑ ተላጠ፣ በመቆለፊያ ፒንሳ ተያዘ፣ ተሰበረ። እያንዳንዱ እርምጃ ቀጣዩን ስህተት ወለደ። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ መጀመሪያ ቢገባ፣ ቀዳዳው ውስጥ ልኩ የሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ ቢገባበት ቪቴው በቀላሉ አይጠማዘዝም ነበር። ደግሞ ወደ መፍቻ ከመሄድ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያ መግፋት ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። የፊቱ ቪቴ፣ 10 ቁጥር የሆነው፣ በዚህ መንገድ ያለ ችግር ተከፍቶ ነበር። የኋላው ሲሊንደር ውስጡ ተቦርቡሮ ስለተገኘ በአዲስ ተተካ፣ ስብራቱ ያስከተለው ኪሳራ አልነበረም።

ቱቦው ግን ኪሳራ ነበር። ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያዘው ዳዶ ከብረት ቱቦው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዳዶው ሲዞር ቱቦው አብሮ እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ይህ በመጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ ይታያል፤ ያኔ ማቆም ይቻላል። ከተጠመዘዘ በኋላ የተሻለው ቱቦውን ከዳዶው ሥር ቆርጦ፣ በቀረው ዳዶ ላይ 10 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ አግብቶ መፍታት ነው። አዲሱ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊሜትር የሆነ ለፍሬን የተሠራ ነው፣ ጫፉም ሁለት ጊዜ ታጥፎ ተከፈተ። ለፍሪጅ የሚሸጠው ለስላሳ መዳብ ርካሽና በቀላሉ የሚታጠፍ ነው፤ በንዝረት ስለሚሰነጠቅ ግን ለፍሬን አይሆንም። አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈተ ጫፍም እንደዚሁ ነው፤ የሚሰነጠቀው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ሰው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው።

የፊት ቀኝ

ከሁለቱ ተንሸራታች ፒኖች የላይኛው በራሱ ግራሶ ደርቆ ተይዟል፤ ጎሚኒው ተቀድዶ ውሃ አስገብቷል። ፒን እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ አይሳብም፤ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ዘይት ይደረግበታል፣ እያዞሩ ይወጣል።

ፒስተኑ የወጣው የላስቲክ ቱቦው ሳይፈታ በራሱ የፍሬን ፔዳል ግፊት ነው፤ ካሊፐሩ አፍ ውስጥ ጣውላ ተደርጎ። በኮምፕረሰር አየር ማውጣት የተለመደ ነው፣ ግን ፒስተኑ እንደ ጥይት ስለሚፈናጠር ጣት ቆርጦ ያውቃል። የፒስተኑ ገጽ ጎሚኒው ከሚያርፍበት በታች ተቦርቡሮ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አላዋጣም፤ ተቀየረ። አዲሱ የገባው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ተቀብቶ ነው፣ ሌላ ቅባት አልነካውም።

ዲስኩ በሁለቱ ኤም8 ቀዳዳዎች፣ በዚህ ጊዜ ቀድመው ተጠርገው፣ በአሥር ደቂቃ ወጣ። የሞዞው ፊት ግን ግማሽ ሰዓት ወስዶ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ተፋቀ። ከንቱ ልፋት አይደለም። 140 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የሞዞ ፊት ጠርዝ ላይ 0.1 ሚሊሜትር የዝገት ቅንጣት ብትቀር፣ 240 ሚሊሜትር የሆነው ዲስክ ጠርዙ ላይ ወደ 0.17 ሚሊሜትር ይወላገዳል። ሾፌሩ ይህን በእግሩ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፣ «ዲስኩ ተጣሟል» ተብሎም ጤነኛ ዲስክ ይጣላል።

መልሶ መግጠምና ያልተጠበቀው ፔዳል

የግራው ታምቡር ስባሪ ስላለበት አልተመለሰም። የቀኙም በካሊብሮ ሲለካ 200.7 ሚሊሜትር ሆነ። አዲስ ሲሆን 200 ነው፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ልክ ደግሞ 201። ዝገቱ የበላው ቶርኖ ቤት ቢላጥ ከልኩ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱም ተቀየሩ። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ የመጣው ጥንድ ያገለገለ ነበር፤ ሻጩ ዘንድ እያለ ተለክቶ 200.2 ስለተገኘ ተገዛ። ያገለገለ ታምቡር በዓይን አይገዛም።

ሸራ በሁለቱም በኩል፣ የግራ የእጅ ፍሬን ሽቦ፣ ሞላዎችና ዘንጎች አዲስ ገቡ። ሸራው በሳህኑ ላይ የሚንሸራተትባቸው ነጥቦች ተፍቀው ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ተቀቡ። ማስተካከያዎቹ በናፍታ ታጥበው ዳኑ። የግራና የቀኝ ማስተካከያ ጥርሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ ስለሆነ ሳይደባለቁ ተቀመጡ፤ ከተቀያየሩ ሸራውን ማቅረብ ሲገባቸው ያርቁታል።

በሦስተኛው ቀን ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ሲወጣ ፔዳሉ ጠነከረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን እግር ላዩ ላይ ሲቀመጥ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ወረደ። የፈሰሰ ዘይት የትም አልታየም። ምክንያቱ እዚያው የተፈጠረ ነው፦ አየር ሲወጣ ረዳቱ ፔዳሉን በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ ወለል ረገጠው። በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋበት ዋና ሲሊንደር) ውስጥ ፒስተኑ በሥራ ጊዜ የማይደርስበት የታችኛው ክፍል ይዝጋል፤ ጎሚኒው እዚያ ሲገባ ይቀደዳል። ከፔዳሉ ሥር 5 ሴንቲሜትር ያህል ጣውላ ቢቀመጥ ይበቃ ነበር። ማስተሩ ተቀየረ፣ አየር የማውጣቱ ሥራም በዶት 3 ዘይት እንደገና ከሩቁ ጎማ ጀምሮ ተሠራ።

የጎማ ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል በ103 ኒውተን ሜትር ጠበቁ። የእጅ ፍሬኑ በ6ኛው ጠቅታ ያዘ። መኪናዋ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በዝግታ ተፈተነች፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱም ጎማዎች እንደገና ተነሥተው ታዩ። ሁሉም ይዞራሉ፣ የሚፈስ ነገር የለም። ለቦሎ በተደረገው ምርመራም አለፈች።

ለሌላ መኪና የሚያገለግለው

ጊዜ ሲገመት «ታምቡር ማውጣት» ብሎ ሳይሆን እያንዳንዱ ቪቴና ዳዶ ሊሰበር ይችላል ብሎ መገመት ያስፈልጋል። ለቆመ መኪና ሥራው ሳይጀመር ሲሊንደሮቹ፣ የሸራ ዘንጎቹና ጥቂት ሜትር የፍሬን ቱቦ እጅ ላይ ቢኖሩ እዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፍ ነበር።

ጥርስ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ቡሎን ከመግባቱ በፊት ይጠረግ። ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም የሚያስቆጨው ያ የተገፈፈ ቀዳዳ ነው፤ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ተብሎ ግማሽ ቀን ሄደበት።

አንድ ዕቃ ሲንቀሳቀስና ሲቆም ስንት ሚሊሜትር እንደሄደና ይመለስ እንደሆነ ይታይ። የኃይል መጠን መጨመር ያለበት ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በትክክለኛው ቦታ ላይ።

ለክረምት የሚቆም መኪና ሜዳ ላይ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ማርሽ ውስጥ ይግባ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ቢሄድ ሸራው አንድ ቦታ ላይ አይታተምም። ቁልቁለት ላይ የቆመን መኪና ግን የእጅ ፍሬኑን ለቆ መተው አይቻልም፤ መጀመሪያ ሜዳ ይፈለግለት።